ሞት ዋጋ ሲያጣ

አንድ ሰው ሬሳ ቤት ውስጥ፣ አስከሬን ከሚገነዝበት ጠረጴዛ ላይ ይነቃል። ገላው ከእግር እስከ ራሱ ጠባሳና ንቅሳት ነው፤ ስሙን አያውቅም፤ ከየት እንደመጣም አያስታውስም። አጠገቡ ያለው በአየር ላይ የሚንሳፈፍ፣ አፉ የማያርፍ አንድ የራስ ቅል ብቻ ነው። ሞርት ይባላል። ሰውየው ጀርባው ላይ የተነቀሰውን ጽሑፍ ማየት ስለማይችል ሞርት ያነብለታል፦ ማስታወሻ ደብተርህን ፈልግ፣ ፋሮድ የሚባለውን ሰው አግኝ። ንባቡ አንድ መስመር እንደተዘለለበት የሚታወቀው ከብዙ ሰዓት ጨዋታ በኋላ ነው። የተዘለለው መስመር የራስ ቅሉን እንዳታምን የሚል ነው።

ጨዋታው «ፕላንስኬፕ፦ ቶርመንት» ይባላል፤ በ1999 መጨረሻ ላይ ወጣ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሠራው በአሜሪካው ኢንተርፕሌይ ኩባንያ ሥር የነበረው ብላክ አይል ስቱዲዮስ ሲሆን፣ የንድፉ መሪ ክሪስ አቬሎን ነበር። ታሪኩ የሚካሄድበት ዓለም ግን ከዚያ ይቀድማል፤ ዴቪድ ኩክ በ1994 ዱንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን በወረቀትና በዳይስ ለሚጫወቱ ሰዎች ያዘጋጀው ነው። ኢንጂኑን ደግሞ ከባዮዌር ተዋሱ፤ ከአንድ ዓመት በፊት «ባልደርስ ጌት»ን ያንቀሳቀሰው ያው ኢንጂን ነው። ጽሑፉ 800,000 ቃል ገደማ እንደሚደርስ ይነገራል፤ ገበያ ላይ የዋለው በአራት ሲዲ ነበር። ተቺዎች አሞገሱት፣ ገበያው ግን ቀዝቀዝ ብሎ ተቀበለው። ብዙዎች ለዚህ ካርቶኑን ይወቅሳሉ። ሽፋኑ ላይ የሚታየው አስፈሪ ፊት የፕሮዲውሰሩ የጊዶ ሄንከል ነው፤ ሜካፕ ተቀብቶ ራሱ ቆመለት። እኔ ሽፋኑን እወደዋለሁ፤ ሰው ምን እንደሚገዛ በግልጽ ይነግረዋል።

ከዚያ ወዲህ ስለ ቶርመንት የሚነገረው ነገር ብዙም አልተለወጠም። ታሪኩ ድንቅ ነው፣ ጨዋታው ደካማ ነው፤ ለታሪኩ ስትሉ ውጊያውን ቻሉት ይባላል። ጥሩ ልብ ወለድ በስህተት ጌም ሆኖ እንደተወለደ ነው የሚወራለት። ይህን የሚያስፋፉት ደግሞ አፍቃሪዎቹ ናቸው። እኔ ግን ከጠላት ወሬ ለይቼ አላየውም፣ ምክንያቱም የጨዋታውን ምርጥ ነገር ይሰውራል። የቶርመንት ታላላቅ ክፍሎች መጽሐፍ ጨርሶ ሊሠራቸው የማይችላቸው ናቸው፤ የሚነገሩት በቃላት ብቻ ሳይሆን ተጫዋቹ በሚያደርገው ነገር ነው። የሚያናድዱት ክፍሎች ደግሞ ጨዋታው ራሱ ያወጣውን ሕግ ረስቶ የዘመኑን ልማድ የተከተለባቸው ናቸው። ሁለቱም ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ፦ ይህ ሰው አይሞትም።

እስቲ ከሞቱ እንጀምር። በሌላ ጌም ጀግናው ሲሞት ተጫዋቹ ሴቭ ወዳደረገበት ቦታ ይመለሳል። ያ ሞት ታሪኩ ውስጥ አልደረሰም፣ የሚያስታውሰውም የለም። ቶርመንት ውስጥ ሞት የታሪኩ አካል ነው። ስም የለሹ ሰው (ጨዋታው የሚጠራው እንዲህ ነው) ተወግቶ ወድቆ ጥቂት ቆይቶ ይነሳል፣ ብዙ ጊዜም እዚያው ሬሳ ቤት። ሬሳ ቤቱን የሚያስተዳድሩት ደስትሜን የተባሉ ማኅበርተኞች እምነታቸው ሁላችንም ቀድሞውኑ ሞተናል የሚል ነው፤ ከእነርሱ መካከል ድሃል የተባለው በሽተኛ ሽማግሌ ጸሐፊ ይህን ሰው ለይቶ ያውቀዋል፣ መጥቶ መሄዱንም ለምዶታል። ተጫዋቹም ቶሎ ይለምደዋል። ወጥመድ ያለበት ኮሪደር ሲገጥመው መላ ከመፈለግ ዝም ብሎ ይገባበታል። ከማያሸንፈው ጠላት ጋር ይጋፈጣል፣ ይወድቃል፣ ይነሳል። እንዲያውም አንዳንድ ቦታ መንገዱ የሚከፈተው በመሞት ነው።

ሒሳቡ የሚመጣው ዘግይቶ ነው። ሰውየው በሞተ ቁጥር አንድ ቦታ ሌላ ሰው በእርሱ ፈንታ ይሞታል። በየመንገዱ ያለ ምክንያት ይከታተሉት የነበሩት ጥላዎች እነዚያ ሰዎች ናቸው። ይህን ሲሰማ ተጫዋቹ ሳይወድ ወደ ኋላ ይቆጥራል፤ ያቺ ኮሪደር፣ ያ ሊሸሹት የሚቻል ውጊያ፣ ያ ምን ይፈጠር ይሆን ተብሎ ለቀልድ የተሞተ ሞት። ደራሲ በልብ ወለድ ውስጥ ጀግናው ለሰው ሕይወት ግድ አልነበረውም ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ አንባቢው አንብቦ ይፈርድበታል። እዚህ ግን ግድ ያልነበረው አንባቢው ራሱ ነው፣ ያውም አቋራጭ ፍለጋ። ይህን ወደ መጽሐፍ ገልብጡት ቢባል የሚቀረው አንድ አረፍተ ነገር ነው።

የዳክኮን ታሪክ ከዚህም ይረቅቃል። ዳክኮን አረጋዊ ጦረኛ ነው፤ ጊትዘራይ የሚባሉት ወገኖቹ በጥንት ዘመን ከባርነት ተዋግተው የወጡ ናቸው፤ ሰይፉ የያዘው ሰው ሐሳብ ሲጠራ ይሳላል፣ ሲደፈርስ ይዶለዱማል። ያልተሰበረው ክበብ የሚባል የእምነት መጽሐፍ አለው፤ መጽሐፉ ግን ብራና አይደለም፣ እርስ በርስ ከተቆላለፉ ክቦች የተሠራ የድንጋይ ሰሌዳ ነው። ተጫዋቹ አንዱን ክፍል ከፍቶ ያነባል፤ ዳክኮን ምን ተረዳህ ይለዋል፤ መልሱ ከላይ ከላይ ከሆነ ወደሚቀጥለው አያልፍም። ሲያልፍ ደግሞ ከንባቡ ድግምት ያገኛል። ማንበብ፣ ማሰላሰል፣ መመለስ እዚህ የኃይል ምንጭ ናቸው፤ ሌላ ጌም ይህን ያህል ኃይል የሚሰጠው መቶ ጭራቅ ላረደ ነው።

ትምህርቱ ሲገፋ ግን ተማሪው መምህሩን ይቀድመዋል። ዳክኮን በነቢዩ በዘርቲሞን ቃል ላይ የሚያሰቃይ ጥርጣሬ እንዳለው ይገባዋል፣ የጎደለውንም ያስተምረዋል። ከዚያ በኋላ ነው ይህን ክበብ ለዳክኮን የሰጠው ማን እንደሆነ የሚወጣው። ስም የለሹ ሰው ራሱ ነው፣ አሁን በማያስታውሰው በሌላ ሕይወቱ። ዳክኮን እምነቱን አጥቶ ሊሞት ሲል ደረሰለት፤ መጽሐፉን ሰጠው፤ ዳክኮንም እስክትሞት ድረስ አገለግልሃለሁ ብሎ ማለ። ለማይሞት ሰው! ያ የቀደመው ሰው ደግሞ መጽሐፉን የሰጠው አዝኖለት አልነበረም፣ ሰይፉን ፈልጎት ነበር። እንግዲህ ተጫዋቹ በየውጊያው ከፊት ሲያሰልፈው፣ ሲያዝዘው፣ ዕቃ ሲያሸክመው የከረመው ጓድ በገዛ መሐላው የታሰረ ባሪያ ነበር። የሮል ፕሌይንግ ጌም ተጫዋች ጓዶቹን ማዘዝ ስለለመደ ለምን ይታዘዙኛል ብሎ ጠይቆ አያውቅም። ቶርመንት ጠየቀለት።

ቀለል ያለውም አለ። ተጫዋቹ አስማት መማር ሲያሻው ጨርቅ ለቃሚዎች ሰፈር ወደምትኖር ሜቤት ወደምትባል አሮጊት አዋላጅ ይሄዳል። ሜቤት ግን ወዲያው አታስተምረውም፤ ትልከዋለች። ዕፅ አምጣ፣ ጨርቅ አሳጥበህ ና፣ ቀለም ፈልግ። የቆሎ ተማሪ ፊደል ከመቁጠሩ በፊት ለየኔታ ውኃ እንደሚቀዳና እንጨት እንደሚለቅም ነው። በሌላ ጌም እንዲህ ያለው ተልእኮ ሰዓት መግፊያ ነው፤ እዚህ ግን ተመልሶ ሲመጣ አሮጊቷ ምን እንዳየና ምን እንደተማረ ትመረምረዋለች፣ የተላላከባቸውም ነገሮች ትምህርቱ ሆነው ይገኛሉ። ሜቤት በእርግጥ ማን እንደሆነች የሚታወቀው በጣም ዘግይቶ ነው። ይህኛውን ልተወው፤ ሌላውን በቂ አበላሽቻለሁ።

ሲጂል የምትባለው ከተማ ራሷ በዚህ መንገድ ነው የምትሠራው። በአንድ ግዙፍ ቀለበት ውስጠኛ ገጽ ላይ የተገነባች ናት፤ ቀና ሲባል ሰማይ ሳይሆን ሌላው ሰፈር ይታያል። በሮቿ ወደ ልዩ ልዩ ዓለማት ይከፈታሉ፤ የአንዱ በር ቁልፍ ተራ ዕቃ፣ የሌላው አንድ ሐሳብ ሊሆን ይችላል። አማልክት አይገቡባትም፤ የሥቃይ እመቤት የምትባል፣ የማትናገርና የማትለመን ገዢ አለቻት። የዚህ ዓለም ዋና ሕግ እምነት እውነታን ይለውጣል የሚል ነው። ሕጉ ግን በስብከት አይመጣም። ተጫዋቹ ሲያወራ ከሚቀርቡለት መልሶች መካከል ያው አረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ተጽፎ ይገኛል፤ አንደኛው እውነት፣ ሁለተኛው ውሸት የሚል ምልክት አለው። የሚሰማው ሰው ልዩነቱን አያውቅም፤ ጨዋታው ግን ይመዘግባል። ስምህ ማነው ሲባል አዳን ነኝ እያለ ደጋግሞ የዋሸ ተጫዋች ደግሞ ውሎ አድሮ አዳን የሚባል ሰው በአካል ተቀምጦ ያገኛል። ብዙ ሰው ስላመነው ውሸቱ ሰው ሆነ።

ታዲያ ይህን ያሰበ ቡድን ውጊያው ላይ ለምን እንዲህ ደከመ? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት ቴክኒካዊ ነው፤ ይህም ሐሰት አይደለም። ጓዶች በጠባብ መንገድ እርስ በርስ ይጋፋሉ፣ በር ላይ ተደርድረው መተላለፊያ ይዘጋሉ፣ ሽሽ የተባለው ወደ ጠላት ይሮጣል። ከፍተኛ ድግምቶች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ፊልም አላቸው፤ ሰማይ ተከፍቶ እሳት ሲዘንብ መጀመሪያ ያስደንቃል፤ ደጋግሞ ሲመጣ ግን ውጊያውን ሁሉ አቁሞ ሰው ያስጠብቃል። ነገር ግን «ባልደርስ ጌት» ያንኑ ኢንጂን ይዞ ውጊያው ያስፈራ ነበር። የቶርመንት ችግር ከኢንጂኑ ይጠልቃል። ውጊያ ትርጉም የሚኖረው የሚታጣ ነገር ሲኖር ነው። የማይሞት ሰው ምን ያጣል? ጓዶቹ ሊሞቱ ይችላሉ፣ እርሱ ግን ሙታንን የማስነሳት ችሎታ አለው፤ ደጋግሞም ያስነሳቸዋል። የሞት ዋጋ ተጫዋቹ ላይ ሳይሆን በማያያቸው ሰዎች ላይ እንዲያርፍ የወሰነው ታሪኩ ነው፤ ውሳኔውም ትክክል ነበር። ያ ውሳኔ በተወሰነበት ቀን ግን እያንዳንዱ የመንገድ ላይ ጠብ ከጊዜ ግብርነት በቀር ምንም አልቀረውም። ሕጉን ያወጡት ሰዎች የገዛ ሕጋቸውን ትርጉም እስከ ጫፍ አልተከተሉትም።

አለማወቅ ነው እንዳይባል ደግሞ ያውቁ ነበር። ኖርደም የሚባለው ጓድ የሚገኘው ሞድሮን የተባሉ የሥርዓትና የስሌት ፍጡሮች በሠሩት ዋሻ ውስጥ ነው። ሞድሮኖቹ ጀብደኞች ለምን ዋሻ እየገቡ ጭራቅ እንደሚገድሉ ስላልገባቸው ለምርምር ሲሉ አንድ ሠርተዋል፦ ባዶ ክፍሎች፣ አንድ ዓይነት ጠላቶች፣ ለምንም የማይረባ ምርኮ። በጌሞች ላይ ከተቀለዱት ቀልዶች ሁሉ ከምርጦቹ አንዱ ነው። ነገር ግን ከዚያ ከወጣን በኋላ ጨዋታው ያንኑ ነገር ከምሩ እንድንሠራ ያዘናል።

በጣም የሚሰማው ደግሞ በመጨረሻው ሲሶ ነው። ጠንቋይቱ ራቬል ግዞት ውስጥ ተቀምጣ የሰውን ተፈጥሮ የሚለውጠው ምን እንደሆነ ስም የለሹን ሰው ትጠይቀዋለች። ይህ ትዕይንት የጨዋታው ጉልላት ነው፤ የምትፈልገው ትክክለኛውን መልስ ሳይሆን የእርሱን መልስ ስለሆነ የሚመልሰውን ሁሉ ትቀበላለች። ከዚያ በኋላ ግን የሲጂል ወግ፣ የጎዳና ወሬ፣ የማኅበሮቹ ክርክር ሁሉ ይቀራል። ከርስት የምትባለው የከሐዲዎች ከተማ ከሥሯ ባለው እስር ቤት ውስጥ ጠላት በጠላት ናት፤ ካርሴሪ ወደሚባል ሌላ ዓለም ተንሸራትታ ከወደቀች በኋላም ጎዳናዋ በጠብ የተሞላ ነው። ቀድሞ አንድ ሰፈር ለማለፍ ሰዓታት ያወራ ተጫዋች አሁን ሰዓታት ይጫናል፣ ይመታል፣ ያርፋል፣ እንደገና ይመታል። የቸኮለ እጅ እንደነካው ይታያል። እዚህ ላይ ጨዋታውን ትተው የወጡ ሰዎችን አልፈርድባቸውም፤ ግን መጨረሻውን ስላላዩ አዝንላቸዋለሁ፣ ምክንያቱም መጨረሻው እንደገና ወደ ራሱ ይመለሳል። ዋናውን ባላንጣ፣ ማለትም ከሰውየው ተነጥሎ የራሱ ሕይወት ያገኘውን የገዛ ሟችነቱን፣ ያለ አንድ ምት በንግግር ብቻ ማሸነፍ ይቻላል።

ይቻላል ያልኩት ግን ለሁሉም አይደለም፤ እኔን ከውጊያው ይበልጥ የሚያናድደኝም ይህ ነው። ጨዋታው ሲጀመር ተጫዋቹ ነጥብ ያከፋፍላል፦ ጉልበት፣ ቅልጥፍና፣ ጤንነት፣ አእምሮ፣ ጥበብ፣ ግርማ። ለዓመታት ሌሎች ጌሞችን የተጫወተ ሰው ግዙፉንና ጠባሳማውን ሰውዬ ያይና ጉልበቱን ይሞላዋል። ምክንያታዊ ምርጫ ነው፣ ሥዕሉም እንዲያ ብሎ ይጋብዛል። ነገር ግን ቶርመንትን የሚከፍተው ጥበብ ነው። ጥበቡን እስከ 18 ያደረሰ ሰው የጠፉ ትዝታዎች ይመለሱለታል፣ የዳክኮን ክበብ ይከፈትለታል፣ ልምድ እንኳ በብልጫ ይቆጠርለታል። ጦረኛ ያደረገው ሰው ግን ያን ሁሉ አያየውም፤ አለማየቱንም አያውቅም፣ መልሶቹ ከዝርዝሩ ላይ በዝምታ ስለሚቀሩ። ምርጫ ሰጥቶ አንዱን ብቻ በጽሑፍ መሙላት ምርጫ መስጠት አይደለም። ስለ ነፍስ ይህን ያህል የሚጠይቅ ጨዋታ ስለ ጥበብ የለሹ ሰው ነፍስም አንድ ነገር ሊኖረው ይገባ ነበር። ጥበብ የጎደለው ሰው አይጸጸትም እንዴ?

ከጽሑፉ ብዛት ጋር ጠብ የለኝም። በ1999 ስክሪን ላይ ገጸ ባሕርያት ከጣት ጥፍር ብዙም አይበልጡም ነበር፤ የሰው ፊት ሲጠቁር፣ ድምፁ ሲንቀጠቀጥ፣ ልብሱ ምን ምን እንደሚሸት ሊናገር የሚችለው ጽሑፍ ብቻ ነበር። ከቋንቋው ጋር ግን ትንሽ አለብኝ። የሲጂል ሰዎች የሚያወሩት ከድሮ የእንግሊዝ ሌቦች አራድኛ የተለቀመ ቋንቋ ነው። በአማርኛ የተዘጋጀ ቅጂ የለም፤ እንግሊዝኛን ክፍል ውስጥ ለተማረ ሰው የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከባድ ናቸው፣ መዝገበ ቃላትም እምብዛም አይረዳም። የሚገርመው ግን ይህ ችግር ከታሪኩ ጋር ይገጥማል፤ ሰውየው ራሱ ትዝታው ስለጠፋበት የከተማውን ነገር ከሞርት አፍ እየለቀመ ነው የሚማረው። አብረነው ግራ እንጋባለን። ይህን ለማመካኛ ያህል ያነሳሁት አይደለም፤ የጸሐፍት ሰፈር ውስጥ ያሉት አንዳንድ ንግግሮች ግን ለማንም ቢሆን ያለ ልክ ረዝመዋል። እዚያ ጸሐፊው ተጫዋቹን ረስቶ ራሱን ሲያዳምጥ ይሰማል።

ጽሑፉም ቢሆን ነውር የለበትም ማለት አይደለም። ከሴቶቹ ገጸ ባሕርያት መካከል ይህን ሰው የማትወድ ማግኘት ያስቸግራል። ሟቿ ዴዮናራ ትወደዋለች፣ ሌባዋ አና ትወደዋለች፣ ራቬል ትወደዋለች፣ ሌላዋ ጓዱ ፎል ፍሮም ግሬስም ልቧን ታሳየዋለች። ጨዋታው ሥቃይ የደረሰባቸው ነፍሶች ወደ እርሱ ይሳባሉ ብሎ ምክንያት ያቀርባል፤ ለእኔ የደራሲ ምቾት ይመስለኛል። ይበልጥ የሚያስቆጨው ይህ ቡድን ነገሩን በደንብ መጻፍ እንደሚችል ያሳየን መሆኑ ነው። ስሜት በሚቀመጥበት ድንጋይ ውስጥ የዴዮናራን ናፍቆት የምንቀምስበት ትዕይንት አለ። መጀመሪያ ፍቅሯን ከውስጧ ሆነን እናየዋለን። ከዚያ የሰውየው የራሱ ትዝታ ይነቃና ያንኑ ቅጽበት ከሌላው ወገን እናየዋለን፤ የሚያቅፋት እጅ እያሰላ ነበር፣ እየጸየፋትም ነበር። ሁለቱ ስሜቶች በአንድ ደረት ውስጥ ሲገናኙ ያለውን ያህል አስፈሪ ነገር በጌም ውስጥ ጥቂት ነው ያየሁት። ይህን የጻፈ እጅ አናን እየተሳደበች ከመቅናት ያለፈ ነገር ያልሰጣት ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

ብላክ አይል በ2003 መጨረሻ ተዘጋ። ቢምዶግ የተባለው ኩባንያ በ2017 የታደሰውን ቅጂ ሲያወጣ ለዘመኑ ስክሪን አመቻቸው፣ ውጊያውን ግን እንዳለ ተወው፤ አሮጌ ሥራን ማክበር ስለሆነ አልወቅሰውም። በዚያው ዓመት ኢንኤግዛይል «ቶርመንት፦ ታይድስ ኦቭ ኑሜነራ»ን አወጣ። በ2013 ለሥራው ገንዘብ ሲሰበሰብ አፍቃሪዎች ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ አዋጥተውለት ነበር። ውጊያው ጥቂት ነው፣ አብዛኛው በንግግር ይታለፋል፣ ጽሑፉ ሞልቷል። ወረቀት ላይ የአሮጌውን ቶርመንት ጉድለት ሁሉ አርሟል። ሆኖም ያንን ያህል አይነካም። የምክንያቱን ግማሽ ቀደም ብዬ ተናግሬዋለሁ፦ እዚያ ቃሉ ብዙ ነው፣ ነገር ግን ተጫዋቹ ካደረገው ነገር ተነስቶ ወደ እርሱ የሚመለስ ቃል ትንሽ ነው። ድንቅ ነገሮችን አልፎ አልፎ እናነባለን እንጂ ዕዳ ያለብን ሆነን አንገኝም። ቶርመንትን የሚያደንቁ ሰዎች ታሪኩ ነው የሚያስደንቀው ሲሉ ከርመው ታሪክ ብቻ ሲሰጣቸው ያጡትን ለማወቅ ተቸገሩ።

ያጡትን ያገኘው ከሌላ አቅጣጫ የመጣ ሥራ ነው። በኢስቶኒያዊው ሮበርት ኩርቪትዝ መሪነት የተሠራው «ዲስኮ ኤሊሲየም» በ2019 ወጣ። እርሱም ትዝታውን ባጣ ሰው ይጀምራል፤ የውጊያ ሥርዓት ግን ጭራሽ የለውም። የሰውየው 24 ችሎታዎች ራሳቸው ድምፅ ሆነው ያወሩታል፣ ይመክሩታል፣ ያሳስቱታል። ዋናው ልዩነት ግን እዚህ ላይ አይደለም፤ ሽንፈት ላይ ነው። መጀመሪያ አካባቢ ሰውየው የሆቴል ዕዳውን ላለመክፈል ሮጦ ለማምለጥ መሞከር ይችላል። ዳይሱ ከከዳው እየሮጠ ዘልሎ ወደ ኋላ ዞሮ የሆቴሉን ሰውዬ በጣቶቹ ሲሳደብ፣ ከኋላው በተሽከርካሪ ወንበር የተቀመጠች አሮጊት ላይ ይከሰከሳል። ማምለጡ አልተሳካም፤ ትዕይንቱ ግን ቢሳካለት ኖሮ ከሚያገኘው ሁሉ ይበልጣል፤ ጽሑፉም በእኩል ጥንቃቄ ተጽፎለታል። ተጫዋቹ ጉልበተኛ ይሁን ጠቢብ፣ ደደብ ይሁን ፈሪ፣ ለእርሱ የተጻፈ ነገር አለ። የቶርመንት ሠሪዎች በእጃቸው የነበረው ወድቆ የሚነሳ፣ ስንትም ጊዜ ቢሳሳት ታሪኩ የማይቆም ጀግና ነበር፤ ውድቀትን እንዲህ ለመጻፍ ከእነርሱ የተሻለ ሰበብ የነበረው ማንም አልነበረም።